ክለብ ውስጥ ስጨፍር ደስ ይለኛል፤ ክሊፑ ላይ ግን ሆዴ እምቢ አለኝ

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጆች፤

ዕድሜዬ 24 ነው። ቀን ቢሮ ውስጥ የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ። ማታ ማታ ዳንስ እለማመዳለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የተማርኩት እሱን ነው። ዓርብ ሲመጣ ከጓደኛዬ ጋር ቴክኖና ሃውስ የሚባሉት የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃዎች የሚጫወቱበት ክለብ እንሄዳለን። አልጠጣም፤ የምሄደው ለመጨፈር ብቻ ነው። ስፒከሩ አጠገብ ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቢቱ ሲገባብኝ የሳምንቱ ድካም ጥርግ ይልልኛል። ጆሮዬ እስከ ማግስቱ ቢጮህም ግድ የለኝም።

ከአንድ ወር በፊት እዚያው ክለብ አንድ የክሊፕ ዳይሬክተር አናገረኝ። አንድ ዲጄ አዲስ ሥራ ሊያወጣ ነው፤ ዋናዋ ዳንሰኛ አንቺ ብትሆኚስ አለኝ። ደስታዬን አልነግራችሁም። ክፍያው የሦስት ወር ደመወዜን ያህላል። ስለ ልብሱ ስጠይቀው "ስፖርት ነገር፣ አንቺ የሚመችሽ" አለኝ። በቃል ተስማማሁ።

ባለፈው ሳምንት የልብሱን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ልብስ ከማለት ክር ማለት ይቀላል። ከሥሩ ስለ ቀረጻው ጥቂት መስመሮች አሉ። ወለል ላይ እየተሳብኩ እመጣለሁ፤ ከላይ ውኃ ይፈስብኛል፤ ካሜራው ከእግሬ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ዳንስ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ደንግጬ ስጠይቀው "አርት ነው እኮ፤ ካልተመቸሽ የምትፈልግ ሞልታለች" አለኝ። እስከ መጪው ሰኞ መልስ ይፈልጋል።

ጓደኛዬ "ፋራ አትሁኚ! በየሳምንቱ ስንት ሰው ፊት ትጨፍሪ የለ እንዴ? ይሄ ምን ይለየዋል? ያውም በገንዘብ!" ትለኛለች። ታላቅ እህቴ በበኩሏ "ድሮም ክለብ መሄድ የጀመርሽ ቀን ነው ያበቃልሽ፤ መጨረሻው ይኸው ነው" ብላ አኩርፋኛለች። እናቴ ምንም አታውቅም። እኔ ግራ ገብቶኛል። እንዲህ ዓይነት ክሊፖች ሳይ አልጸየፍም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹን እወዳቸዋለሁ። ታዲያ የራሴ ሲሆን ሆዴ ለምን እምቢ አለ? ፈሪ ስለሆንኩ ነው? ወይስ አስመሳይ ነኝ?

ፈራ ተባ ያልኩት ነኝ

ውድ ፈራ ተባ፤

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። የልብሱ ፎቶ ባይመጣ ኖሮ ትጽፊልን ነበር? አይመስለኝም። ዕድሉ ሲመጣ ደስ ብሎሻል። ካሜራውም፣ ብዙ ሰው እንደሚያይሽ ማወቅሽም አላስፈራሽም። የደነገጥሽው በቃል የተባልሽውና በቴሌግራም የመጣልሽ ነገር አልገናኝ ሲልሽ ነው። ስለዚህ "ፈሪ" የሚለውን ከአሁኑ እንተወው። አስመሳይም አይደለሽም። ቦክስ ማየት የሚወድ ሁሉ ሪንግ ውስጥ ካልገባ ተብሎ አይወቀስም።

ጓደኛሽና እህትሽ በዚህ ነገር የተጣሉ ይመስላሉ። ግን ልብ ብለሽ ስሚያቸው፤ አንድ ነገር ነው የሚሉት። ክለቡና ክሊፑ ያው ናቸው ይላሉ። አንዷ "ስለዚህ ግቢበት" ትላለች፣ ሌላዋ "ስለዚህ ክለቡንም ተዪው" ትላለች። ሆድሽ እምቢ ያለው ሁለቱ ያው እንዳልሆኑ ስለገባው ይመስለኛል።

ክለቡን ከኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። መብራቱ ደብዛዛ ነው። ጭስ አለ። አጠገብሽ ያለው ሰውም ዓይኑን ጨፍኖ የራሱን ነው የሚጨፍረው። ቦታው እንዲህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ሃውስ የሚለው ስም የመጣው ዌርሃውስ ከሚባል የቺካጎ ክለብ እንደሆነ ይነገራል። ክለቡ በ1977 ሲከፈት (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ዲጄው ፍራንኪ ናክልስ ነበር። የሚመጡት ደግሞ በቆዳ ቀለማቸውም በፍቅር ሕይወታቸውም ሌላ ቦታ ፊት የሚነሣቸው ወጣቶች ነበሩ። ከሰው ዓይን አርፈው መጨፈር ነበር የሚፈልጉት። በርሊን ውስጥም ከተማዋን ለሁለት የከፈለው ግንብ በ1989 ከፈረሰ በኋላ ቴክኖ የገባው በየባዶ ፋብሪካውና በየምድር ቤቱ ነው። ዛሬም እዚያ ስመ ጥር የሆኑ ክለቦች በር ላይ የስልክሽን ካሜራ በስቲከር ይሸፍኑታል። ግቢና እንደፈለግሽ ሁኚ፣ ማንም አይቀርጽሽም ማለታቸው ነው። አንቺም ዓርብ ማታ የምትሄጂው ለዚህ ይመስለኛል። ሺህ ሰው መሐል ብትሆኚም የሚያይሽ የለም።

ካሜራው የመጣው ሌላ ችግር ለመፍታት ነው። ዘፋኝ ያለው ሙዚቃ ቢያንስ የሚቀረጽ አፍ አለው። ዲጄ ግን ቁልፍ ሲያዞር ሦስት ደቂቃ ሙሉ ማን ያይለታል? ሙዚቃው ብዙ ጊዜ ቃል የለውም፣ ቢኖረውም አንድ ሐረግ ነው የሚደጋግመው። የሚተረክ ታሪክም የለም። ስለዚህ ካሜራው ገላ ፍለጋ ይሄዳል። በ2003 የጣሊያናዊው ዲጄ የቤኒ ቤናሲ ክሊፕ ላይ ከውስጥ ልብስ ብዙም ያልተሻለ ነገር የለበሱ ሞዴሎች የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ይዘው ብቅ አሉ። በ2004 ደግሞ ስዊድናዊው ኤሪክ ፕሪድዝ የኤሮቢክስ ክፍል ውስጥ የተቀረጸውን ክሊፕ አወጣ፤ ዘፈኑ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ሁለቱ ሰዎች ያኔ በመንገድ ቢያልፉ ስንቱ ያውቃቸው ነበር? ክሊፖቹን ግን ያየ ሁሉ ያስታውሳል።

ይሄን የማወራው የሙዚቃ ታሪክ ላስተምርሽ አይደለም። የዘፈኑ ፊት አንቺ ልትሆኚ ነው ለማለት ነው። ዘፈኑ በዲጄው ስም ይሸጣል፤ ሰው "ያቺ ልጅ" እያለ የሚያወራው ግን ስላንቺ ነው። ከባድ ነገር ነው፤ ጉልበትም ይሰጥሻል። "የምትፈልግ ሞልታለች" የሚለው ሰው ክለብ ድረስ መጥቶ አንቺን የመረጠው በምክንያት ነው። ሞልታ ቢሆን አንድ ወር ሙሉ ምን ይጠብቃል?

እህትሽ "አበቃልሽ" ያለችው ላይ ግን አልስማማም። በኤሮቢክሱ ክሊፕ ላይ ከፊት የነበረችው ልጅ የሠለጠነች ዳንሰኛ ናት። ክሊፑ ስም አወጣላት፤ በኋላም የዳንስ ስፖርት ዲቪዲ ላይ ዋናዋ ሆና ሠርታለች። ልብሱ ትንሽ ነበር፣ እንቅስቃሴውም ቢሆን ዓይን የሚያስደፋ ነበር። ግን ልጅቷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትደንሳለች። ያንቺ ወረቀት ላይ ግን ዳንስ የሚል ቃል እንደሌለ ራስሽ ነሽ የጻፍሽው። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ዓይኔ የሚቆመው እዚያ መስመር ላይ ነው። መሳብ አለ፣ ውኃ አለ፣ ካሜራው አለ። ዓመታት የለፋሽበት ነገር ግን የለም። እስቲ ብቻሽን ሆነሽ አስቢው፦ ልብሱ ያው ሆኖ ሙሉውን ክሊፕ ብትደንሺ ምን ይሰማሻል? ተገላቢጦሹስ፣ ሙሉ ቱታ ለብሰሽ ወለል ላይ ብቻ ብትሳቢ? ከሁለቱ የትኛው ይብስ እንደሚያናድድሽ ካወቅሽ ምን ብለሽ እንደምትደራደሪ ታውቂያለሽ። ብዙ ሰው ይሄን ሳይለይ "ልብሱን ቀይሩልኝ" ብቻ ብሎ ይገባና ቀረጻው ላይ ሌላው ነገር ሁሉ ያው ሆኖ ይጠብቀዋል።

"አርት ነው" ሲልሽ ደግሞ "የማን አርት?" ብትዪው ደስ ይለኝ ነበር። ማዶና በ1990 የሠራችውን አንድ ክሊፕ የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያው ኤምቲቪ አላሳይም ብሎ መለሰው። እሷ ምን አደረገች? በቪዲዮ ካሴት አሳትማ ሸጠችው፤ ጉድ ተባለ፣ በደንብም ተሸጠ። እዚያ ላይ ልኩን የወሰነችው ራሷ ናት፣ ገንዘቡም የሷ ነው፤ ስድቡንም ወድዳ ነው የተቀበለችው። ተቀጥራ የምትሠራ ዳንሰኛ ስድቡ እኩል ይደርሳታል፤ ትርፉ ላይ ግን ስሟ የለም።

አሁን ወደሚደረገው እንምጣ። እሺም እምቢም ከማለትሽ በፊት አንድ መልእክት ላኪለት። በስልክ አታውሪ፤ ቃል ይጠፋል፣ ጽሑፍ ይቀራል። እንዲህ ብትዪው ይበቃል፦

"ስለ ዕድሉ አመሰግናለሁ፤ መሥራት እፈልጋለሁ። መጀመሪያ የተነጋገርነውና አሁን የላክልኝ ግን የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ከመወሰኔ በፊት የሾቶቹን ዝርዝር፣ ልብሱን ከሁሉም አቅጣጫ የሚያሳይ ፎቶና ውሉን ላክልኝ። የምሠራውንና የማልሠራውን ምልክት አድርጌ እመልስልሃለሁ። ዳንሱ ላይ የራሴ ሐሳብ አለኝ፤ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጬ ልልክልህ እችላለሁ።"

የመጨረሻዋን መስመር እንዳትተዪያት። ዝም ብለሽ "አይ" ካልሽው ምርጫው አንቺን መተው ብቻ ነው። የተሻለ ነገር ካሳየሽው ግን የሚያስብበት ነገር ያገኛል። ሰውዬው ክለብ ውስጥ ያየውን ያንን ነገር በስልክሽ ቅረጪለት፤ ልብሱን አንቺ ምረጪ፣ መብራቱንም አደብዝዢው። ማን ያውቃል፣ እሱም ሐሳብ አጥቶ ይሆናል ውኃና ክር ውስጥ የገባው። የዚህ ዘርፍ ሰዎች ሐሳብ ሲያልቅባቸው ውኃ ማፍሰስ ይወዳሉ።

ውሉ ሲመጣ ተረጋግተሽ አንብቢው። የቀረጻው ሰዓት ስንት ነው? ቀብዱ መቼ ይከፈላል፣ ቀሪውስ? የተቀረጸውን ምስል ለክሊፑ ብቻ ነው የሚጠቀሙበት ወይስ ለፖስተርና ለማስታወቂያም? ዩቲዩብ ላይ ክሊፑ ሳይከፈት የምትታየዋን ምስል ማን ይመርጣል? ይህቺን ትንሽ ነገር አትናቂያት። ክሊፑን ሙሉውን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው፤ ያቺን አንድ ምስል ግን ሁሉም ያያታል፣ ስክሪንሾት ሆና የምትዞረውም እሷ ናት። ሳይካተቱ የቀሩት ቅጂዎች ምን ይሆናሉ የሚለውንም ጠይቂ። ዘንድሮ ደግሞ አንድ የተጨመረ ጣጣ አለ፦ ፊትሽንና ገላሽን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሌላ ምስል ለመሥራት እንደማይጠቀሙበት በግልጽ ይጻፍ። ስለሱ ምንም ካልተባለ እንደተፈቀደ አድርገው የሚወስዱ አይጠፉም።

ቀረጻው ላይ ብቻሽን አትሂጂ። ሞዴሏ ኤሚሊ ራታጅኮውስኪ በ2013 በሠራችው ዝነኛ ክሊፕ ቀረጻ ላይ ሳትፈቅድ እንደተነካች በ2021 ባሳተመችው መጽሐፏ ጽፋለች። ክሊፑን ያዘጋጀችው ሴት ነበረች። ራታጅኮውስኪም እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ሥራው ደስ ብሏት እንደነበር ነው የምትናገረው። ይሄን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ቦታው ደስ ማለቱ ብቻ ዋስትና አይሆንም፤ ለዚህ ነው። በፊልም ሥራ እንዲህ ያሉ ትዕይንቶችን የሚከታተል ባለሙያ መመደብ ከ2018 ወዲህ እየተለመደ መጥቷል፤ በአነስተኛ በጀት በሚሠራ ክሊፕ ግን ይሄን አትጠብቂ። ስለዚህ የምታምኚው ሰው ይዘሽ ሂጂ። "ይቁም" ስትዪ ካሜራው እንደሚቆም፣ ሥራ የሌለው ሰው እዚያ እንደማይቆም፣ የተቀረጸውንም በየመሐሉ በስክሪኑ እንደምታዪ አስቀድመሽ ተስማሚ። ፎጣና ካፖርት ያዢ። የሚያስቅ ይመስላል፤ በሁለት ሾት መሐል ውኃ ያረሰው ክር ለብሰሽ ግማሽ ሰዓት ስትቆሚ ግን አያስቅም።

መልሱ ሲመጣ ብዙ ነገር ይነግርሻል። ጥያቄሽን አንድ በአንድ ከመለሰ፣ ባይስማማ እንኳ፣ አብሮት የሚሠራ ሰው ነው። "አንቺ ደግሞ አበዛሽው" ካለ ወይም ዝርዝሩን ትቶ ስለ ገንዘቡ ብቻ ካወራ ቀረጻው ቀንም እንደዚያው ነው የሚሆነው። ሃያ ሰው ቆሞ እየጠበቀ፣ መብራት ተበርቶ፣ "አንዴ ብቻ፣ ለሙከራ" ሲባል እምቢ ማለት ዛሬ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ እምቢ ከማለት አሥር እጥፍ ይከብዳል።

ሰኞን ብዙም አትፍሪው። ዝርዝሩ እስከዚያ ካልደረሰሽ "ሳላይ መወሰን አልችልም" ማለት በቂ መልስ ነው። የሦስት ወር ደመወዝ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ይገባኛል። ምናልባት በሐሳብሽ ከፋፍለሽ ጨርሰሽውም ይሆናል። ግን ያንን ገንዘብ በእርግጥ ለምን እንደፈለግሽው ጽፈሽ እዪው። ዕዳ ካለብሽ አንድ ነገር ነው፤ ከሌለብሽ ጊዜ አለሽ።

ሁሉን ካየሽ በኋላ፣ ልብሱንም ውኃውንም ጨምሮ፣ "እሠራዋለሁ" ብትዪስ? ያንቺ ውሳኔ ነው፤ እኔም አልፈርድብሽም። እንደዚያ ከሆነ ክሊፑ በወጣ ሰሞን ኮሜንት እያነበብሽ አታምሺ። ከማታውቂው ሰው የሚመጣ መልእክት እንዳይገባ ዝጊው፤ ወይም ስልክሽን ለጓደኛሽ ስጫት፣ እሷ እያየች ትሰርዝልሽ። "ግቢበት" ያለችው እሷ አይደለች? ቢሮሽም ምን ሊል እንደሚችል አስቀድመሽ አስቢበት።

እናትሽን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። የምትሠሪው ከሆነ ከሌላ ሰው ስልክ ላይ እንዳታየው። ቀድመሽ፣ በራስሽ አፍ፣ ቁጭ ብለሽ ንገሪያት። የማትሠሪው ከሆነ መንገሩም አለመንገሩም ያንቺ ነው።

እህትሽ ያስቸገረችኝ ነገር አለ። ቃሏ ያማል። ግን "አበቃልሽ" ስትል ምን እንደፈራች ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? የሰው አፍ ነው? አንቺ እንዳትጎጂ ነው? ወይስ ክለብ ውስጥ ምን እንደሚሆን ስለማታውቅ ነው? አንድ ዓርብ ለአንድ ሰዓት ብቻ አብራሽ እንድትመጣ ጋብዣት። አልመጣም ካለችም መልእክቱ ይደርሳታል፤ የምትደብቂው ነገር እንደሌለ ታውቃለች። ክሊፑን ግን በዚያ ቀን አታንሺባት፤ ሁለቱን ነገር መለየት ላንቺም ለሷም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ ማለፍ አልቻልኩም። ጆሮዬ እስከ ማግስቱ ይጮሃል ያልሽው ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) የሚደርስ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ቢሰማ ችግር የለውም ይላል። 100 ዴሲቤል ሲደርስ ግን የሚፈቅደው በሳምንት 20 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ክለብ ውስጥ ስፒከር አጠገብ ደግሞ እዚያ መድረስ የተለመደ ነው። ጩኸቱ ጆሮሽ መጎዳቱን የሚነግርሽ ምልክት ነው፤ የተጎዳ የጆሮ ሕዋስ ደግሞ ተመልሶ አያድግም። ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራ የጆሮ መሰኪያ አለ፤ ድምፁን ይቀንሰዋል እንጂ ቢቱን አይገድለውም። እሱን ግዢ፤ ከስፒከሩም ጥቂት እርምጃ ራቂ። የባሱን ምት በደረትሽ እንደሆነ ከዚያም ሆነሽ ትሰሚዋለሽ።

መልእክቱን ዛሬውኑ ላኪ። ውሉ ሲመጣልሽ ስምሽንም ስሙንም አጥፍተሽ ለዓምዱ ብትልኪው የማይገባሽን አንቀጽ አብረን እናየዋለን። ከመፈረምሽ በፊት ግን አንድ ጠበቃም ቢያየው ጥሩ ነው፤ እኔ አማካሪ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም።